ዳቦ ቆሎዬ ሙዚየም ሲገባ

ቤተ መንግሥት ሥራ ገባሁ ብዬ አዲስ አበባ ላለችው ታላቅ እህቴ ስነግራት እልልታዋ ጆሮዬን አደነቆረው። በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። የአክስቴ ልጅ ደውሎ ለልጁ ቪዛ እንዳስፈጽምለት ለመነኝ። አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ደግሞ «ድሮም ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር» ብላለች አሉ። ኧረ እኔ አልጋ ነው የማነጥፈው፣ ሽንት ቤት ነው የምፈትገው ብል የሚሰማኝ የለም። «ቢሆንም ቤተ መንግሥት ነው» ይሉኛል።

ነገሩ ግንብ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በሳሙና ንግድ የከበረ አንድ ሰው እዚህ ቶሮንቶ ለሚስቱ ያሠራው የድንጋይ ግንብ፤ ማማው አለ፣ ጠመዝማዛ ደረጃው አለ፣ የጎደለው ንጉሥ ብቻ ነው። ሚስትየው አንድ ክረምት ኖራበት ይበርዳል ብላ እናቷ ቤት ተመለሰች ይባላል። እኔ አልፈርድባትም፤ ያንን ደረጃ በየካቲት የወጣ ሰው ይረዳታል። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዘመን የርግብ መኖሪያ ሆኖ ቆየና በቅርቡ ታደሰ። ከታች ያሉት ትልልቅ አዳራሾች የአገሩ ነባር ሕዝቦች የጥበብ ሙዚየም ሆኑ፤ ከላይ ያሉት ክፍሎች ደግሞ ሆቴል። በሳሙና ገንዘብ የተሠራውን ቤት ዛሬ እኔ በሳሙና አጥበዋለሁ።

ሥራውን ያገኘችልኝ ልጄ ናት። እሷ እዚያው ፍሮንት ዴስክ ላይ ነው የምትሠራው፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ ጥቁር ኮት ለብሳ፣ እንግዳውን ሁሉ በፈገግታ ትቀበላለች። ቤት ስትገባ ያ ፈገግታ የት እንደሚሄድ አላውቅም። ማኔጀሩ ጋ ገብታ «የማውቃት ጎበዝ ሠራተኛ አለች» አለችው። የማውቃት! ዘጠኝ ወር ሆዴ ውስጥ ተቀምጣ አታውቀኝም ኖሯል?

ልጅቷ ግን ምክንያት ነበራት፤ ልዋሽ አልችልም። ቶሮንቶ ከመጣሁ ወዲህ አፌ ከሦስት ሥራ አስወጥቶኛል። ከኬክ ቤቱ የወጣሁት ዱቄቱ አልተነፋም ብዬ ለባለቤቱ ስለነገርኩት ነው። ከአረጋውያን መኖሪያው ኩሽና፣ ይኼ ሾርባ ሳይሆን የእጅ መታጠቢያ ነው ብዬ። ከሦስተኛው ደግሞ ምን ብዬ እንደወጣሁ መናገር አልፈልግም፤ ትክክል ግን ነበርኩ። የጸሎት ቤታችን እኅቶች ረቡዕ ረቡዕ ከሚጸልዩባቸው ርእሶች አንዱ የእኔ ምላስ ነው። ለቪዛ፣ ለጤና፣ ለትዳር ይጸለይና በመጨረሻ «ጌታ ሆይ፣ የእኅታችንን አንደበት ጠብቅ» ይባላል። አሜን ብዬ ዓይኔን ስገልጥ ሁሉም እኔን ያያሉ።

እናም ልጄ ሥራ ከመጀመሬ በፊት በነበረው ምሽት አስቀምጣ ሁለት ነገር አስማለችኝ። ፕሮቤሽኑ፣ የሙከራው ጊዜ፣ ዘጠና ቀን ነው፤ ዘጠና ቀን ከማንም ጋር እንዳልጣላ። ሁለተኛው፣ ሥራ ቦታ እናትና ልጅ መሆናችንን ማንም እንዳያውቅ። በዘመድ ገባች እንዳይሉ ነው አለች። በወረቀት እንደሆነ አንታወቅም፤ እኛ የምንጠራው በየአባታችን ስለሆነ ፈረንጅ የእኔንና የእሷን ስም አይቶ ዘመድ ናቸው ሊል አይችልም። እሺ አልኩ። ከዚያ ወደ ክፍሏ ስትገባ በሩ ላይ ቆም አለችና፣ «እማዬ፣ እኔ ነኝ ዋስሽ። ፕሊስ፣ አታሳፍሪኝ» አለችኝ። ያቺ ቃል ሆዴ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አይደል የሚባለው? ሰው ፎጣ መሬት ላይ ሲጥል ዝም። ሱፐርቫይዘሬ፣ እዚሁ ኤግሊንተን ዌስት ሰፈር ያደገች የጃማይካ ሴት፣ ጨርቁን በእኔ አጣጣፍ ሳይሆን በእሷ አጣጣፍ አድርጊ ስትለኝ ዝም። የእሷ አጣጣፍ ስሕተት ነው፤ ግን ዝም። ሎቢውን ሳልፍ ልጄ ወደ ኮምፒውተሯ ታያለች፣ እኔ ወደ ጋሪዬ። አንድ ቀን ኮቷ ላይ ክር አይቼ ልነቅልላት እጄን ልኬ ነበር፤ ዓይኗ ፍጥጥ ሲል እጄን መልሼ የራሴን ክር እንደሚፈልግ ሰው ሆንኩ። ሱፐርቫይዘሬ ከነገረችኝ ደንብ ሁሉ ጥብቁ አንድ ነበር፦ ቀይ ነጥብ የተለጠፈበት ዕቃ የሙዚየም ነውና አይነካም፣ አቧራውም አይወለወልም። አንድም ቀን አልነካሁም። ይኼ ይመዝገብልኝ።

ሰባ ስምንተኛው ቀን አካባቢ አሥራ አራት ቁጥር ውስጥ አንዲት እንግዳ ገቡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከሰሜን ከሐይቅ ዳር የመጡ፣ ከነባሮቹ ሕዝቦች ከአኒሺናቤ ወገን የሆኑ ሴት ናቸው። ከነጭ የበርች ዛፍ ቅርፊት ዘንቢል ይሠራሉ፤ ቅርፊቱን አጥፈው በዛፍ ሥር ይሰፉታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሠሯቸው መካከል የመረጧቸውን አሥራ አንዱን ሙዚየሙ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሊያሳይላቸው ነበር፤ እሳቸው ለማስተካከል ስምንት ቀን ቀድመው መጡ።

የመጀመሪያው ቀን አንኳኩቼ ስገባ አልጋው ተነጥፏል። እንግዳዋ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ይቅርታ፣ አልተኙም እንዴ አልኳቸው። ተኝቻለሁ፣ አንጥፌዋለሁ አሉ። አልጋ ማንጠፍ የእኔ ሥራ ነው አልኩ። የተኛሁበትን አልጋ ሌላ ሰው አንጥፎልኝ አያውቅም፣ ዛሬም አይጀምርም አሉ። እንዲህ ያለ እንግዳ አይቼ አላውቅም፤ ሱፐርቫይዘሯ መጥታ ብታይ እኔ ምን ስሠራ ዋልኩ ልላት ነው? ዘጠና ቀኔን አሰብኩና ዝም ብዬ አንሶላውን ገፈፍኩት፣ እንደገና አነጠፍኩት። እሳቸውም ከወንበራቸው አዩኝ። በማግስቱ አሁንም ተነጥፏል፤ አሁንም ገፈፍኩ። በሦስተኛው ቀን ማዕዘኑን አየሁት፤ ከእኔ አነጣጠፍ ይበልጣል። እንደዚያ የተናደድኩበት ቀን የለም። ጎንበስ ብዬ እንዴት እንዳጠፉት ስመረምር ሣቃቸውን ለቀቁት። እኔም ሣቅሁ። ከዚያ እያንዳንዳችን በየጎናችን ይዘን አብረን አነጠፍነው፤ እሳቸው የእኔን ትራስ አቀማመጥ ወሰዱ፣ እኔ የእሳቸውን ማዕዘን።

አርብ ዕለት፣ ሺፍቴ ሲያልቅ፣ አንድ ትንሽ የቅርፊት ዘንቢል እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ውስጡ በአገራቸው የተለቀመ ደረቅ ብሉቤሪ ሞልቶበታል። ቤት ወስደሽ ብዪ አሉኝ። ሁለት እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ፣ አመሰገንኩ፣ ሴንት ጄምስ ታውን አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ያለው ቤታችን እስክደርስ ድረስ አሳንሰሩ ውስጥ ሩቡን ጨርሼዋለሁ። የቀረውን ማታ ከልጄ ደብቄ ጨረስኩት። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ጣፋጭ ነበር።

እንግዲህ ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ባዶው ዘንቢል ፍሪጁ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። የሰው ዕቃ ነው። ብሉቤሪው ተሰጠኝ፤ ዘንቢሉ ደግሞ መያዣው ነው፣ ይመለሳል። ሳህን ይሰጣል እንዴ? እናቴ የጎረቤት ሳህን ባዶውን ስትመልስ አይቻት አላውቅም፤ ቤት ውስጥ ምንም ባይኖር ሁለት ሎሚ ጣል ታደርግበት ነበር። ባዶ ዕቃ የመለሰ ሰው ለዓመት ይታማል። እኔም ዱቄቴን ነፋሁ፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ለቀለሙ ያህል በርበሬ ጨመርኩ፤ አሸሁ፤ እንደ ገመድ እያድቦለቦልኩ ጥፍር በምታህል ቆራረጥኩ፤ ድስት ላይ እስኪንኮሻኮሽ ቆላሁት። ዘንቢሉን አፉ ድረስ ሞላሁት፣ በንጹሕ ናፕኪን ሸፈንኩት፣ እፎይ አልኩ።

ሰኞ አሥራ አራት ቁጥርን ስከፍት አልጋው ላይ ያለው የሌላ ሰው ሻንጣ ነው። እንግዳዬ እሑድ ቼክ አውት አድርገዋል፤ ኤግዚቢሽኑ ረቡዕ እስኪከፈት ዌስተን ሰፈር የእህታቸው ልጅ ቤት ይሰነብታሉ ተባለ። ዘንቢሉን ፍሮንት ዴስክ ልተውላቸው ብዬ ጨርቅ ውስጥ ደብቄ ወደ ሎቢው ወረድኩ። ልጄ ብቻዋን አልነበረችም፤ ማኔጀሩ አጠገቧ ቆሟል። ጋሪ ሳልይዝ፣ የተጠቀለለ ነገር አቅፌ ስመጣ ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ። ምግብ ይዛልኝ መጣች ብላ ነው የደነገጠችው፤ ከዚህ በፊት አድርጌው አውቃለሁና። በዓይኗ ከሩቅ መለሰችኝ። ተመለስኩ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳስበው መልሱ ፊት ለፊቴ ነበር። የአዳራሹ በር ክፍት ነው፣ አሥራ አንዱ ዘንቢል ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል፣ ረቡዕ ባለቤትየዋ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ሄጄ ከእህቶቹ ጎን ሰደርኩት። ቀይ ነጥብ ያለበትን አልነካሁም፤ ቀይ ነጥብ የሌለውን አስቀመጥኩ። በሠራሁት ሥራ ኮርቼ ፎጣዬን ላጥፍ ሄድኩ።

ረቡዕ ጠዋት፣ በሩ ሊከፈት ሦስት ሰዓት ሲቀረው፣ ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ይሰብሰብ ተባለ። ሰማንያ ስድስተኛ ቀኔ ነው፤ አራት ቀን ቀርቶኛል። የሙዚየሙ የዕቃ ሐኪም ልበለው፣ ዕቃው እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ቀጭን ወጣት፣ ሰማያዊ ጓንቱን አጥልቆ መሃል ቆሟል። ነገሩን አስረዳን። አሥራ አንድ ዘንቢል ቆጥሮ ተረክቦ ነበር፤ ዛሬ አሥራ ሁለት ሆነዋል። በአሥራ ሁለተኛው ውስጥ ምግብ ነክ ነገር ተገኝቷል። ምግብ ነፍሳት ይጠራል፣ ነፍሳት ቅርፊት ይበላል። ስለዚህ ያንን ዘንቢልና ግራና ቀኙ የነበሩትን ሁለቱን ለሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ ከቷቸዋል። እንደ ሥጋ! ፍሪዘር ውስጥ! ይኼ ሁሉ በእኔ የመጣ መሆኑ ያኔ ገባኝ። እግሬ ሥር መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። ዝም በይ አልኩ ራሴን፤ ዝም፣ አራት ቀን ብቻ።

ከዚያ ሰውየው በላስቲክ የታሸገ ዳቦ ቆሎዬን ከፍ አድርጎ አሳየ።

«የአይጥ መርዝ ይመስላል» አለ። «በዚህ ግንብ ውስጥ የአይጥ መርዝ ያስቀመጠው ማን ነው?»

ወገኖቼ፣ እኔ ብዙ ችያለሁ። ፎጣ ችያለሁ፣ አጣጣፍ ችያለሁ፣ በገዛ ልጄ አለመታወቅን ችያለሁ። ቅዳሜዬን ሙሉ የደከምኩበትን፣ በሁለት ወንፊት የነፋሁትን ዳቦ ቆሎ የአይጥ መርዝ ሲባል ግን እናቴ ከመቃብሯ የምትነሳ መሰለኝ። ከሰው መካከል ወጣሁ። ላስቲኩን ከእጁ ወሰድኩ፣ ከፈትኩት፣ አንድ እፍኝ ዘግኜ አፌ ውስጥ ጨመርኩ።

ባለ ጓንቱ ልጅ ጮኸ። ትፊው ይለኛል። ስልኩን አውጥቶ አምቡላንስ ሊጠራ ሲል ሱፐርቫይዘሬ እጁን ያዘችው። እኔ አኝካለሁ። ዳቦ ቆሎ ቶሎ አይታኘክም፤ አዳራሹ በሙሉ ፀጥ ብሎ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ከዋጥኩ በኋላ ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ስኳሩን በጣቴ እየቆጠርኩ ነገርኩት። አይጥ ብታገኘው መታደሏ ነው አልኩ፤ ይኼኛውን ባልጨምር ጥሩ ነበር።

ማኔጀሩ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በጣም በትሕትና፣ ዘንቢሉ እኔ እጅ እንዴት እንደገባ ጠየቀኝ። ከእንግዳዋ ነው፣ ልመልስላቸው ነው አልኩ። ሰጡሽ እንዴ አለ። አልሰጡኝም፣ ብሉቤሪ ነው የሰጡኝ፣ እሱ መያዣው ነው አልኩ። ሳይሰጡሽ ቤትሽ ወሰድሽው ማለት ነው? ሰው ሁሉ ወደ መሬት አየ። ሌባ የሚለውን ቃል ማንም አላወጣውም፤ ቃሉ ግን አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ነበር፣ ሁላችንም አይተነዋል። የፈሩት ይደርሳል። ያ ከሦስት ሥራ ያስወጣኝ ምላስ፣ እኅቶች የሚጸልዩበት ምላስ፣ የፈለግኩት ጊዜ ደረቀ። እንግሊዝኛው ጥሎኝ ጠፋ። ጓዳ ባዶ ሲሆን ስለሚሆነው ነገር፣ ስለ ሎሚው፣ ስለ ጎረቤት ሐሜት በየትኛው ቋንቋ ልንገራቸው? ወደ ልጄ አላየሁም። ላሳፍራት አልፈለግኩም፤ ይብቃት፣ አታውቀኝም፣ እንዳላወቀችኝ ትቅር ብዬ ዓይኔን ጫማዬ ላይ ተከልኩ።

የተረከዝ ድምፅ ሰማሁ። ልጄ ከኋላ ተነሥታ መጣች፣ አጠገቤ ቆመች፣ እጇን ላስቲኩ ውስጥ ከተተችና ዘግና ቃመች። እያንኮሻኮሸች ሁሉንም አየቻቸው።

«እናቴ ናት» አለች። «እናቴ የሰው ዕቃ አትወስድም። የተዋሰችውንም ባዶ አትመልስም፤ ይኼ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።»

በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፤ ማኔጀሩ ማን ናት ያልሽው ብሎ ሁለተኛ ጠየቃት። «ማይ መዘር» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ከዚያ የእናቴን ሳህንና ሎሚ፣ እኔ ሺህ ጊዜ ነግሬያት አትሰማኝም ያልኩትን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር አስረዳቻቸው።

ለእንግዳዬ ኮል ተደረገላቸው፤ ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈቱት። ዘንቢሉን ለእሷ ነው የሰጠሁት አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸው ቀዝቀዝ አለና፣ መለሰችው እንዴ፣ አልወደደችውም ማለት ነው አሉ። ስጦታ መመለስ በእሳቸው ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ፤ ሌባ ከመባል ይልቅ እሱ አመመኝ። ልጄ እየተረጎመችልኝ፣ አልመለስኩም፣ ሞልቼ ነው ያመጣሁት፣ በእኛ አገር ባዶ ዕቃ አይመለስም አልኳቸው። ከዚያ ያ አልጋ ስናነጥፍ የሰማሁት ሣቅ መጣ።

«እንግዲያው አሁን ተራው የእኔ ነው» አሉ።

ኤግዚቢሽኑ በዘጠኝ ዘንቢል ተከፈተ። ሦስቱ የነበሩበት ቦታ ባዶ ቀረ፤ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ እዚያ ባዶ ቦታ ፊት አገጫቸውን ይዘው ብዙ ቆይተው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲሄዱ አየሁ። እንግዳዬ ከሰዓት መጥተው ከንግግሩም ከአበባውም በፊት የጠየቁት ዳቦ ቆሎአቸውን ነበር፤ ሱፐርቫይዘሬና የኩሽና ሰዎች ላስቲኩን ጨርሰውት ስለነበር አፍሬ ሌላ እንደምሠራ ቃል ገባሁ። ባለ ሰማያዊ ጓንቱም ልጅ ጥግ ይዞ ሲያኝክ ይዤዋለሁ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ፕሮቤሽኔም ሌላ ዘጠና ቀን ተጨመረበት። እህቴ ይህን ስትሰማ «ቤተ መንግሥት ውስጥ ዘመኗ ተራዘመላት» ብላ ለሰፈሩ አወራች።

ማታ ሎከር ክፍል ውስጥ ጫማዬን ስቀይር ልጄ ገባች። አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ይቅርታ፣ አሳፈርኩሽ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ሰኞ ዕለት ባልመልስሽ ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ኮቷ ላይ ክር ነበር፤ እጄን ልኬ ነቀልኩላት፣ ዝም አለችኝ። ከዚያ ከኪሷ አንድ ሁለት ፍሬ ዳቦ ቆሎ አውጥታ አፏ ውስጥ ወረወረችና አሰበችበት።

«እማዬ፣» አለች፣ «ጨው ረስተሻል።»

ጨው! ሌላ ሰው ቢለኝ ያን ግንብ ድንጋይ በድንጋይ አፈርሰው ነበር። ቀመስኩት፤ እውነቷን ነው። እጇን ያዝኩና መልስ ሳልሰጣት ወደ ቤታችን ሄድን፣ ሎቢውንም አብረን አቋረጥነው።